ሳል የሌለበት ምርቃት

እህቴ ከጓሮ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ላይ ትሟገታለች። ክርክሩ ስለ ዶሮ ነው። የጎረቤታችን ዶሮ አጥር እየዘለለች ጎመናችንን ትጨርሳለች፤ እህቴ ደግሞ ነገር ማሳደር አትችልም፤ በዚህ እኔን ወጥታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቼ እገላግል ነበር። አሁን ግን ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ስለ ጎመን እንዲህ የምትቆጣ ሴት ደህና ናት ማለት ነው። አምና በዚህ ወር፣ እንዲህ ያለ ጠዋት ይመጣልሻል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ቤት ስከራይ ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። የተመለሰች ሴት ወይ ምግብ ቤት ትከፍታለች፣ ወይ የሴቶች ፀጉር ቤት። ምግብ ቤት ብከፍት ከደንበኛ ጋር እንደምጣላ አውቀዋለሁ፤ ፀጉር ቤትም ቢሆን ጭንቅላታቸውን አምነው ለእኔ የሚሰጡ ሴቶች ያሳዝኑኛል። መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶና ቪዲዮ ቤት በር ላይ «ቪዲዮ ኤዲቲንግ እናስተምራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁና ገባሁ። ኮምፒውተር ብሰድበው አይመልስልኝም፤ ለእኔ ጠባይ የሚሆነው ሥራ ይኸ ነው አልኩ።

አስተማሪዬ የቤቱ ባለቤት ራሱ ነበር። በዕድሜ ያንሰኛል፤ «እትዬ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «የኔታ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ ጭራሽ ድምፁንም እንደ ቄስ ትምህርት ቤት መምህር ያወፍረው ጀመር። ትዕግሥቱ የጉድ ነው። ማውሱን እንደ እርፍ ጨብጬ ስገፋው «እትዬ፣ እርሻ አይደለም፤ ቀስ» ይለኛል። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ፎልደር ከፍቶ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ክሊፑን ጎትቶ ታይምላይን በሚባለው ረጅም መስመር ላይ ማሳረፍ፤ እስከዚህ ደርሼ ሳለሁ ሐምሌ ላይ አባታችን ሞቱ።

አባታችን የሚኖሩት ገሳይ አጠገብ ካለው መንደራችን ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ አጥር ለአጥር። ሰኔ ላይ ያ የድሮ ሳላቸው ጠናባቸው፣ ከዚያ ብዙም አልቆዩ። ቀብራቸው በዝናብና በጭቃ ነበር፤ ቢሆንም ሰው አልቀረም። አለቀስኩ፤ ደረቴን መታሁ፤ ሴቶቹ ያዙኝ። ልቅሶ እንደሚገባው ሆነ።

ከቀብር ስንመለስ ግን ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ጉዳይ ያዘ። ታናሽ እህቴ ያኔ ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ውሏ የሚያልቀው ጥር ላይ ነው።

«የልጅቱ መርዶስ እንዴት ይሁን?» አለ አንድ ዘመዳችን።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ አጎቴ። «ትምጣ። አገሯ ገብታ፣ እህል ቀምሳ፣ አድራ፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ማንም አልተከራከረም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። እናታችን ያረፉ ጊዜ እኔ ራሴ እዚያው ዓረብ አገር ነበርኩ። አንዲት የማውቃት ልጅ የሰማሁ መስሏት ደወለችና «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለችኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ሳህኑን ጨረስኩት፤ ቤቱ እንግዳ ነበረበት፣ እመቤቲቱም ደጋግማ ተጣርታለች። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ልውደቅ ብል መውደቂያ ቦታ እንኳ አልነበረም፤ ወለሉን አሁን ወልውዬው ነበር። ያን ቀን ያላለቀስኩት ልቅሶ ስንት ዘመን በሳሙና ሽታ እየመጣ አሠቃይቶኛል። ስለዚህ እህቴ ብቻዋን እንዳትሰማ ከማንም በላይ የተጨነቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን እስከ ጥር ድረስ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም ማለት ይቻላል።

ስልኳን የምትይዘው ዓርብ ዓርብ ነው። የምትደውለው በቪዲዮ ስለሆነ ዓርብ ሲደርስ ጥቁር ልብሴን አውልቄ ቀይ ሻሽ አስራለሁ። «አባባስ?» ትላለች። መጀመሪያ ለሳላቸው ጸበል ገብተዋል አልናት፤ ጸበል ቦታ ደግሞ ስልክ አይያዝም። ቀጥለን ኔትወርክ የለም አልን። ለኔትወርክ ጥብቅና የሚቆም ሰው ስለሌለ ይህ ደህና ውሸት ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኛም እየቀለለ እየቀለለ ሄዶ ነሐሴ ሲያልቅ አብሮ አለቀ።

«ለዘመን መለወጫ የአባባን ምርቃት ላኩልኝ» አለች በነሐሴ መጨረሻ። «በስልክ ማግኘት ካልተቻለ ሰው ሄዶ በቪዲዮ ይቅረጻቸው። በየዓመቱ ይመርቁኛል። ዘንድሮ ካልመረቁኝ የደበቃችሁኝ ነገር አለ ማለት ነው።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ቀጠነ። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ስናደድ ይሻለኛል፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

የሞተ ሰው ምርቃት ከየት ይመጣል? ከስልኬ። ከሞታቸው በፊት በነበረው ኅዳር፣ ከዓረብ አገር እንደተመለስኩ ሰሞን፣ ገብስ በሚሰበሰብበት ጊዜ መንደር ወርጄ አባታችንን ለእህቴ መልእክት እንዲናገሩ ቀርጫቸው ነበር። ቤት ውስጥ፣ መደቡ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ረጅም ተናገሩ። መረቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና መረቁ። ቪዲዮው ትልቅ ስለነበር አልሄድልኝ አለ፤ ነገ ነገ ስል ቀረ። እህቴ አይታው አታውቅም። ስንፍናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ስልኬን ይዤ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄድኩ። «የኔታ፣ የያዝከውን የሠርግ ቪዲዮ ተወውና አንድ ሰው እንዳይስል ማድረግ አስተምረኝ» አልኩት። ነገሩን ነገርኩት። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ለምን እንደምንደብቃት ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና «ክፈቺው» አለኝ።

መቁረጫው የምላጭ ሥዕል አለው። ምላጩን ሳሉ በሚጀምርበት ላይ አሳረፍኩ፣ በሚያበቃበት ላይ አሳረፍኩ፣ መሃሉን መርጬ አጠፋሁት። አባታችን የነበሩበት ቦታ ጥቁር ክፍተት ሆነ። ያን ጊዜ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ ጮህኩ፤ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ዞረው አዩኝ። የሞተ ሰው ሳል ነው፤ ሌላ ከየት አመጣለሁ? አስተማሪዬ ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ ተጫነ። አባታችን ተመልሰው መጡና እንደ ልማዳቸው «እህ፣ እህ» አሉ።

«እትዬ፣ መቁረጥ ማጥፋት አይደለም» አለኝ። ፎልደሩን ከፍቶ ዋናውን ቪዲዮ አሳየኝ፤ እንዳለ ተቀምጧል። «እዚህ መስመር ላይ የፈለግሽውን ያህል ብትቆራርጪ ዋናው አይነካም። ኮምፒውተሩ የሚይዘው የቱን አሳይ፣ የቱን ዝለል እንዳልሽው ብቻ ነው።» ገና እንዳላመንኩት ሲያይ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ደግሞ በራሱ ኮምፒውተር አስቀመጠልኝ። ከተማርኩት ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው። ቆርጠሽ ብታወጪውም አለ የተባልኩበት ነገር በሕይወቴ ሌላ የለም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሥራ ሆነ። ድምፅ በመስመሩ ላይ አቀበትና ሜዳ ሆኖ ይታያል። ንግግር ጉብ ጉብ ይላል፤ ሳል ግን እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የአባቴን ሳል ሳልሰማው በዓይኔ ብቻ መለየት ቻልኩ። ችግሩ፣ ሳሉን ባወጣሁ ቁጥር ምስሉ ይዘላል። አባታችን ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ይጀምሩና ድንገት ቀጥ ብለው ይገኛሉ፣ አንድ ሰው ከኋላ የገፋቸው ይመስል። «መሸፈኛ ምስል ያስፈልግሻል» አለ አስተማሪዬ። ድምፁ ሳይቋረጥ፣ በተቆረጠው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ማሳየት ማለት ነው።

የዚያኑ ቀን የቀረጽኳቸውን ሌሎች ክሊፖች ደረደርኩ፦ አውድማው፣ የሚያበራዩት በሬዎች፣ ቢጫው የገብስ ማሳ፣ ቆሎ የሚያነሳ የአባቴ እጅ። በየተቆረጠው ላይ አንዱን አንዱን እያለበስኩ ደስ ብሎኝ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ቁልፍ ልጫን ስል እጄ ቀጥ አለ።

በመስከረም አውድማ የት አለ? በዘመን መለወጫ ገሳይ አረንጓዴ ነው፤ ገብሱ ገና እሸት ነው። ይህን የምታየው ደግሞ እህቴ ናት፣ ስታርም ያደገች ልጅ! ከተማ የተወለደች ብትሆን ኖሮ በሬዎቹን አይታ «ሲያምሩ» ብላ ታልፍ ነበር።

«ቀለሙን ማስተካከል ይቻላል» አለ አስተማሪዬ። «ቢጫውን ወደ አረንጓዴ እንወስደዋለን።»

«በሬዎቹንስ? ሲያበራዩ እያየች አረም ነው የሚያርሙት ልትላት ነው?»

ሳቀ። የውጭውን ምስል ሁሉ አወጣሁት። የተረፈኝ የቆሎው እጅ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አባታችን በየመሃሉ ቆሎ ያነሳሉ። ሳል በመጣ ቁጥር ቆሎ። ትንሽ መርቀው ቆሎ፣ ደግሞ መርቀው ቆሎ። ከንግግራቸውም ስለ አዝመራ ያነሱትን፣ የገና በዓል ሲደርስ ያሉትን አወጣሁ። መጨረሻ ላይ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ የተናገሩት ቁራጭ አለ፤ እሱን ገና ከሁሉ በፊት ነበር የቆረጥኩት። አንዴ ሰምቼው ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

የተረፈው ምርቃቱ ብቻ ሆነ። «ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ። ክፉ አይይሽ፣ ደግ አይለፍሽ። እመብርሃን በፊት በኋላ ሆና ታግባሽ። ያገርሽን አፈር ለመርገጥ ያብቃሽ።» ጥርት ያለ፣ ሳል የሌለበት ምርቃት።

ቅዳሜ ለገበያ የመጡትን አጎቴን ከመላኬ በፊት ይዩልኝ ብዬ ወሰድኳቸው። አስተማሪዬ ወንበር ሰጣቸው። ወንድማቸው ከስክሪኑ ላይ «ልጄ» ሲሉ አጎቴ ከወንበሩ ብድግ አሉ፤ ታላቃቸው ሲገቡ ሁልጊዜ እንደሚነሱት። ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔና አስተማሪዬ ኪቦርዱን ማየት ጀመርን።

ዓይናቸውን ጠርገው ተቀመጡና «መልሺው» አሉኝ። ሁለተኛ ሲያዩት ገበሬነታቸው ተመልሶ ነበር።

«ይህች ጥጃ ምንድን ናት?»

«የት አለች?»

«ምሰሶው ሥር፣ ጆሮዋ ይታይ የለ እንዴ! ይህች እኮ አሁን ጊደር ልትሆን ነው። ማደጓን ራስሽ በስልክ ነግረሻት ሰምቻለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ከታች ከጥጉ አንዲት እርጥብ ጥጃ ጆሮዋን ታወዛውዛለች። አስተማሪዬ ምስሉን ትንሽ አቅርቦ አሰፋውና ጥጃዋ ከዳር ወጣች። አጎቴ ስክሪኑን ከጎን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወዴት እንደሄደች የሚፈልጉ ይመስላሉ። «ያለ ዱላ!» ብለው ተደነቁና ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ዓርብ በዋለው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ቪዲዮውን ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ስልኬ ላይ እንደገና አየሁት፤ ደስ ብሎኝ፣ የእጄን ሥራ ላደንቅ። ከአባታችን ትከሻ ኋላ በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ፣ ደጁ ላይ፣ የገብስ ክምር ቁጭ ብሏል። ትልቅ ቢጫ ክምር፣ ጎጆ የሚያህል። ያን ሁሉ ጊዜ ስንመለከት ውለን ዓይናችን አንዲት ጥጃ ማባረር ላይ ነበር። በመስከረም ክምር! ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ክምር የት አገር አለ?

ላጠፋው ስልኩን ስነካ ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ። አይታዋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። ወዲያው ስልኩ ጠራ። አነሳሁት። እያለቀሰች ነው።

«አንቺ!» አለች።

«አቤት» አልኩ።

«አባባ ወፍረዋል እኮ!»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወፍረዋል? አዎ፣ ወፍረዋል! የተቀረጹት ኅዳር ነው፤ ሕመሙ ገና ሥጋቸውን አልነካም። እሷ በደስታ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔን እንባ የበዓል መሰላት።

«ሳላቸውም ጠፍቷል! አንድ ጊዜ እንኳ አልሳሉም! ጸበሉ ነው። እኔ እኮ ተስዬ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ይዤ እገባለሁ።»

«ጸበሉ ነው» አልኩ።

«ቆሎ ግን አበዙ። ጥርሳቸው እንዴት ቻለው?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ወለሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። ነፍሴ መለስ አለች። የተሳለችው ለሞተ ሰው ነበር። ቢሆንም ተርፋለች። ያን ዋዜማ ብቻዋን አላለቀሰችም፤ በማግስቱም እንደ ሰው በዓል ዋለች።

ጥር ላይ መጣች። ባሕር ዳር ተቀበልኳት፤ ቀይ ሻሼን አስሬ። ሚኒባሱ ሐሙሲት ሲቆም ወርዳ ሎሚ ገዛች፣ ለአባባ ብላ። የሎሚውን ፌስታል ጭኔ ላይ አድርጌ ደብረ ታቦር ድረስ ስትቀልድ እየሳቅሁ ገባሁ። እንደዚያ ያለ ከባድ ሎሚ ይዤ አላውቅም። «ጠዋት ወደ ገሳይ እንወርዳለን፤ ዛሬ እረፊ» አልኳት። በላች፣ ታጠበች፣ እግሯን ዘርግታ ተኛች።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ነበሩ፤ የነፍስ አባታችን፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ከመንደር መጥተው ጎረቤት ያደሩ ዘመዶቻችን ከኋላቸው። አስተማሪዬም ጋቢ ደርቦ ከዳር ቆሟል። እህቴ ከአልጋ ተነስታ ሳሎን ወጣች፤ ፊታቸውን አየች፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

የጮኸችው ጩኸት እስከ መናኸሪያው ሳይሰማ አልቀረም። ወደቀች፤ ግን መሬት አልደረሰችም። በየት በኩል እንደገቡ የማላውቃቸው ሴቶች ይዘዋታል። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ እጆቿን ይዛ ፊቷን እንዳትቧጭር ትከለክላለች፤ አንዷ የአባታችንን ደግነት እየጠራች ታስለቅሳታለች። እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ፤ ለአባታችን ብቻ አይደለም፣ ያን የሳህን ቀን ላላለቀስኩላት እናቴም ጭምር። በልቅሶው መሃል ግን አንድ ነገር ከደረቴ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ከሐምሌ ጀምሮ የተሸከምኩት። «እሰይ፣ አልቅሺ» አልኳት በጆሮዋ። «አልቅሺ፣ ሰው አለሽ።»

የልቅሶው ቀን እያለቀ ሰው ሲቀንስ፣ እህቴ አጎቴ በተቀመጡበት ወደ እኔ ዞረች።

«ያ ቪዲዮ የመቼ ነው?»

የምፈራው ይህን ነበር። ብትጣላኝ መብቷ ነው። «የአምና ኅዳር» አልኳት። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፦ ምላጩን፣ በሬዎቹን፣ ቆሎውን።

«ክምሩን አይቼው ነበር እኮ» አለች።

«እና?»

«እናማ ተሳደብኩ! ‹እነዚህ ሰነፎች፣ አባባ ጸበል ቢገቡ ያጨዱትን ሳይወቁ ክረምት አዘነሙበት!› ብዬ። አጎቴን ነበር በልቤ የሰደብኩት።»

«እኔን?» አሉ አጎቴ። ከወንድማቸው ሞት ወዲያ እንደዚያ ሲደነግጡ አላየኋቸውም። «እኔ ነኝ ክምር በክረምት የማስቀምጠው? እኔ?» እህቴ ሳቀች። አጎቴም ጥቂት ተኮሳትረው ቆይተው ሳቁ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያኔ ነው።

ጥላውን ከሻንጣዋ አወጣችው፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ። ለአባታችን ፈውስ የተሳለችው ነበርና ምን ልታደርገው እንደሆነ ፈራሁ። እሁድ ይዛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። «እኔን በሰላም አስገብቶኛል» አለች ስትመለስ። በልቤ አመሰገንኳት።

ከዚያ በኋላ ነው «ሳሉስ?» ያለችኝ። «አባባን ያለ ሳል አላውቃቸውም። ቆርጠሽ ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። አለ።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። በማግስቱ አብረን ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄድን። አስተማሪዬ ሁለት ወንበር አቀረበልንና እሱ ራሱ ከደጅ ወጥቶ ቆመ። ዋናውን ቪዲዮ ከፈትኩላትና የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ አደረግን። ሙሉውን ሰማች፤ ክምሩን፣ ጥጃዋን፣ አዝመራውን፣ ሳሉን ሁሉ። ወደ መጨረሻው ቁራጭ ስንደርስ እጄ ወደ ማውሱ ሄደ፣ ግን ተውኩት።

አባታችን ምርቃቱን ጨርሰው፣ ቀረጻው ያበቃ መስሏቸው ወደ እኔ ዞር ይላሉ። ረጅም ይስላሉ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር።

«እንዲህ ስስል ካየች ልጅቱ ምን ይውጣታል?» ይላሉ። «በሰው አገር ማን ያባብላታል? እህል አትቀምስም። አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ሳል የሌለበቱን ፈልገሽ ላኪላት።»

«እሺ አባባ» ይላል የእኔ ድምፅ፣ ከስልኩ ጀርባ። ኅዳር ላይ ያልኩትን ረስቼው ነበር። ነሐሴ ላይ በዚያችው ወንበር ተቀምጬ ስሰማው ነው የገባኝ፤ ያኔም ለማንም ለመናገር ጉልበት አልነበረኝም።

እህቴ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀችና በእጇ ይዛው ቆየች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ያ የማለዳው ፊት አልነበረም።

«ታዘሽ ነበራ» አለችኝ።

«ታዝዤ ነበር።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «በይ አሁን መልሺው።»

«የቱን?»

«ሳሉን። ሁሉንም መልሺበት። እኔ እንደሆንኩ አገሬ ገብቻለሁ።»

የላክሁላትን ቪዲዮ የቆራረጥኩበትን መስመር ከፈትኩና ቆሎውን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። እሷ ከጎኔ ሆና መስመሩ ላይ በጣቷ ታሳየኛለች፤ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» እያለች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀምጠን የአባታችንን ሳል በየቦታው መለስነው።